ጋሽ ጠርጥር እና ክፍቱ ግራ መስመር

ኳስ በሚጫወቱበት ቦታ ሁሉ አንድ ጠርጣራ አሰልጣኝ አይጠፋም። ዝናብ ሲዘንብ «ማን አዘነበው?»፣ ፀሐይ ስትወጣ «ለማን ብላ ወጣች?» የሚል፣ ቡድኑ ሲሸነፍ ክህደት፣ ሲያሸንፍ ደግሞ ወጥመድ የሚሸተው ሰው። እንዲህ ያለ ሰው ያልገጠመው ተጫዋች ካለ፣ ወይ ገና ጫማ አልገዛም፣ ወይ አሰልጣኙ እሱ ራሱ ነው።

የቤት ዕቃ ፋብሪካው ቡድን አሰልጣኝ የዚህ ወገን አለቃ ነበር። በሥራው ዋና አናጢ ነው። ሳንቃ ሲመጣለት አገላብጦ፣ አንኳኩቶ፣ አሽትቶ ሲያበቃ «ይሄ ደግሞ ለምን እንዲህ ቀጥ አለ?» ይላል። ሠራተኛው «ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥም አይጠፋም ስንጥር» ከሚለው ተረት ቆርጦ ስም አወጣለትና ጋሽ ጠርጥር ሆኖ ቀረ። ስሙን ማን እንዳወጣለት ግን እስከ ዛሬ እያጣራ ነው።

ከሁሉ ይበልጥ የሚያውቀው አማቹ ነው፤ የፋብሪካው ኤሌክትሪሺያንና የቡድኑ አማካይ። ይህ ሰው የጋሽ ጠርጥርን ታናሽ እህት ለማግባት ሊጠይቅ ቤታቸው በሄደበት ጊዜ ለሌላ ቡድን ይጫወት ነበር። ጋሽ ጠርጥር በር ላይ አቁሞ ከእግር እስከ ራሱ ካየው በኋላ፣

«እህቴን ነው የፈለግከው ወይስ አሰላለፋችንን?» አለው።

«እህትዎን ነው ጋሼ።»

«እሱን እናያለን።»

በሠርጉ ፎቶ ላይ የሰው ሁሉ ዓይን ካሜራው ላይ ነው፤ የእሱ ዓይን ሙሽራው ኪስ ላይ ነው።

አንድ ቀን ልምምድ ላይ ጋሽ ጠርጥር አንድ የማይታወቅ ሰው አጥሩን ተደግፎ ቆሞ አየ። ወዲያው ተጫዋቾቹን ሰብስቦ «ሰላይ አለ፤ ዛሬ አውቃችሁ አበላሹ» ብሎ ሹክ አላቸው። ኳሷን ወደ ውጪ ሲለጉ፣ ባዶ ግብ ሲስቱ ዋሉ። ሰውየው ለካ አውቶቡስ ሲጠብቅ ነበር። አውቶቡሱ መጣ፣ ሰውየው ሄደ፤ ቡድኑ ግን ነገሩ ስለለመደበት በቀጣዩ ጨዋታ ያንኑ ደገመው። የተጋጣሚ አሰልጣኝ «ቤተሰብ እንዴት ነው?» ብሎ ሰላም ካለው ደግሞ መልሱ አንድ ነው፦ «ከቤተሰቤ ማንን ታውቃለህ?»

ሲያስቅ የኖረው ነገር ማስመረር የጀመረው በሾፌሩ ምክንያት ነው። ሾፌሩ የፋብሪካውን የጭነት መኪና የሚነዳ፣ እግረ ፈጣን አጥቂ ነው። ጨዋታ ሊጀመር ሲል ከተጋጣሚ በረኛ ጋር ሲሳሳቅ ታየና ጋሽ ጠርጥር ኳስ ሳይነካ አስወጣው። ቡድኑ ተሸነፈ። ከሠራተኞች ሊግ ሊወርድም አንድ ሐሙስ ቀረው።

ተጫዋቾቹ ቫርኒሽ በሚሸተው ግምጃ ቤት ተሰበሰቡ። «ክፉ ሰው አይደለም፤ ግን ሰለቸን» አለ ሾፌሩ። የመጨረሻው ጨዋታ ከጡብ ፋብሪካው ጋር ነው። አቻ ከወጡ ሊጉ ውስጥ ይቆያሉ፤ ከተሸነፉ ግን ይወርዳሉ፣ ጋሽ ጠርጥርም አሰልጣኝነቱን እንዲተው ይነገረዋል። ሁሉም እጁን አወጣ። ማን ይንገረው ሲባል ዓይን ሁሉ ኤሌክትሪሺያኑ ላይ አረፈ።

«አማቹ አይደለህ? ቢቆጣህም መታረቃችሁ አይቀርም።»

ኤሌክትሪሺያኑ ቤቱ ሲገባ ለሚስቱ ትንፍሽ አላለም። እሷ ግን ምንም ሳታውቅ የወንድሟን ማልያ እየተኮሰች «ከዚህ ቡድን በቀር ምን አለው ብለህ ነው?» አለች። የቀረበለትን ምግብ ሳይጨርስ ተነሳ።

ጨዋታው ተጀመረ። የጡብ ፋብሪካዎቹ ወደ ኋላ አፈግፍገው የሚጠብቁ አልነበሩም፤ ሦስት አጥቂዎቻቸው እስከ ቤት ዕቃው የግብ ሳጥን አፍ ድረስ መጥተው ቆሙ። የቤት ዕቃው በረኛ ኳስ ይዞ ቀና ሲል መሐሉም ቀኙም ተይዟል፤ ነፃ ሆኖ የሚታየው ግራ ተከላካዩ ብቻ ነው። ይህ ተከላካይ የፋብሪካው ቀቢ ነው። ኳሷን ለቀቢው ሰጠው። ቀቢው አቁሞ ሳይዞር ሦስቱ እንደ ንብ ሰፈሩበት፤ ነጠቁት፤ አገቡ። ትንሽ ቆይቶ ያው ነገር ተደገመ። ሁለት ለባዶ።

ከዚያ ወዲያ ፈርተው በረጅሙ መለጋት ጀመሩ። የጡብ ፋብሪካ ተከላካዮች ደግሞ ቁመታቸው እንደ ራሳቸው ጭስ ማውጫ ነው፤ የመጣውን ሁሉ በግንባራቸው እየገጩ መለሱት።

ክቡር አሰልጣኙ መጀመሪያ ዳኛውን ጠረጠረ። ቀጥሎ ወደ ውጪ የወጣች ኳስ አንስቶ ጆሮው ላይ አድርጎ አዳመጣት። በመጨረሻ በመስመሩ በኩል ያለፈውን ቀቢ «ለማን ነው የምትሠራው?» ብሎ ጮኸበት። ቀቢው እንባ ተናነቀው። ኤሌክትሪሺያኑ በልቡ «በቃ፣ አለቀለት» አለና ነገሩን እንዴት ብሎ እንደሚነግረው ቃላት መምረጥ ጀመረ።

በዕረፍት ሰዓት ጋሽ ጠርጥር አልጮኸም። ይህ ደግሞ ከጩኸቱ የባሰ አስፈራ። ቀቢው ፊት ቁጢጥ አለ።

«ኳስ ስትቀበል አጠገብህ ማን ነበር?»

«ማንም። ነፃ ነበርኩ።»

«ሁለቱንም ጊዜ?»

«ሁለቱንም ጊዜ።»

«ለምን? ታሳዝናቸዋለህ?» ማንም አልሳቀም። «ሰው የቤቱን በር ለባላጋራው ከፍቶ የሚተወው ምን ብሎ ነው? ረስተውህ አይደለም ልጄ። መሐሉንና ቀኙን የዘጉት ኳሷ አንተ ጋ እንድትሄድ ነው። ስትቀበል ፊትህ ወደ መስመሩ ነው፤ መሄጃ የለህም፤ ያኔ ዘለው ይይዙሃል። ጥፋቱ ያንተ አይደለም።»

ቀቢው ቀና አለ። ጋሽ ጠርጥር አፈሩ ላይ በጣቱ መሥመር አሰመረ።

«አሁን ንገሩኝ፤ ሦስት ሰው አንድ ሰው ሊይዝ ከወጣ ቤታቸው ማን ቀረ? እንግዲህ እንዳላወቅን እንሁን። ኳሷን ለቀቢው ስጡት፤ ይምጡለት። አንተ አታቁማት፤ በአንድ ንክኪ ወደ ውስጥ ስደዳት።» ወደ አማቹ ዞረ። «አንተ ደግሞ መሐል ላይ ተገትረህ ኳስ አትለምን። ከተከላካይ አማካያቸው፣ ከስድስት ቁጥሩ ጀርባ ተደበቅና ኳሷ ከቀቢው እግር ስትነሳ ብቅ በል፤ ቀና ብለህ ሳታይ ወደ ቀኝ ጣላት። ሾፌሩ እዚያ ይደርሳል።»

«እኔ?» አለ ሾፌሩ።

«አንተ። ከበረኛቸው ጋር መሳቅ ካማረህ ካገባህ በኋላ ሳቅ።»

እንደተባለው ሆነ። በረኛው ለቀቢው ሰጠ፤ ሦስቱ ዘለሉ፤ ኳሷ በመካከላቸው ሾልካ ኤሌክትሪሺያኑ እግር ላይ ደረሰች፤ እሱም ቀና ብሎ ሳያይ ወደ ቀኝ ጣላት። ሾፌሩ ከበረኛው ጋር ብቻውን ተፋጠጠና አገባ። ኤሌክትሪሺያኑ ሮጦ አማቹን ሊያቅፍ ሲመጣ ጋሽ ጠርጥር ገፈተረው።

«አትቀፈኝ! ነቅተዋል። አሰልጣኛቸው ለስድስት ቁጥሩ በጣቱ አንተን ሲያሳየው አይቻለሁ። ከአሁን በኋላ ሽንት ቤትም ብትገባ ይከተልሃል።»

«ታዲያ ምን ላድርግ?»

«ይከተልሃ! ወደ መስመሩ ይዘኸው ሂድ፤ አንሸራሽረው። አንተ የለቀቅከው ቦታ ላይ ዘበኛው ይግባበት።»

የፋብሪካው ዘበኛ የቤት ዕቃው ቡድን የመሐል ተከላካይ ነው፤ በዕድሜው መሐል ሜዳን ተሻግሮ አያውቅም። ስድስት ቁጥሩ እውነትም እንደ ጥላ ኤሌክትሪሺያኑን ተከትሎ ወደ መስመሩ ወጣ፤ መሐሉ ወለል ብሎ ተከፈተ። ዘበኛው ኳሷን እየገፋ ገባ። ከፊቱ የሚመጣ ሲጠብቅ ማንም አልመጣም፤ ዘበኛውን የጠረጠረ ሰው አልነበረማ። እሱም ግራ ሲገባው መታት። ሁለት ለሁለት።

ጨዋታው በዚያው አለቀ። ተጫዋቾቹ እርስ በርስ ተቃቅፈው ጨፈሩ፤ ከዚያ አንድ በአንድ ኤሌክትሪሺያኑን ማየት ጀመሩ። ሾፌሩ ከሩቅ እጁን አወዛወዘለት፦ ተወው።

ሁለቱ አማቾች በአስፋልቱ ዳር ጎን ለጎን ሄዱ። ጋሽ ጠርጥር የኳስ ከረጢቱን አዝሏል።

«ንገረኝ በላ» አለ ድንገት።

«ምኑን ጋሼ?»

«ሰሞኑን ቤቴ መጥተህ ሻይ አልጠጣህም። ሾፌሩ በየጠዋቱ ‹ጋሼ እንደምን አደርክ› ይለኛል። እኔን ሰው ያለ ምክንያት አያከብረኝም።»

ኤሌክትሪሺያኑ ውሸት ፈለገ፤ አጣ። አንድም ሳያስቀር ነገረው።

ጋሽ ጠርጥር ቆመ። ዕድሜውን ሙሉ ያሴሩብኛል ሲል የኖረ ሰው፣ እውነት አሲረውበት ሲያገኝ ደስ ሊለው ይገባ ነበር። ፊቱ ላይ ግን ደስታ አልነበረም።

«ሁሉም እጅ አወጡ?»

«ሁሉም።»

«አንተም?»

«እኔም።»

ጋሽ ጠርጥር ከረጢቱን ወደ ሌላው ትከሻው አዛወረ። «በአንድ ጊዜ?»

«አዎ… በአንድ ጊዜ።»

«ስንት ዓመት ሙሉ አብራችሁ ተንቀሳቀሱ እያልኩ ጉሮሮዬ ነቃ» አለ ቀስ ብሎ። «ለካ ትችላላችሁ!»

ኤሌክትሪሺያኑ ሊስቅ ፈለገ፤ ግን የሰውየውን ዓይን አየና አፈረ። ይህ ሰው ነገሩ እየሸተተው፣ እጃቸውን ያወጡበትን ሰዎች አንድ በአንድ ከወጥመድ ሲያወጣ ዋለ ማለት ነው። ቀቢውን ከእንባው፣ ሾፌሩን ከቂሙ።

«እንዲህ ጠርጥረህ ታዲያ ለምን አሰለፍከን?»

«ማንን ላሰልፍ?» አለ ጋሽ ጠርጥር። «ያላችሁኝ እናንተ ናችሁ።»

ጥቂት ሄዱ። ኤሌክትሪሺያኑ ጉሮሮውን ጠረገ። «ልምምድ መቼ ነው የምንጀምረው?»

ጋሽ ጠርጥር ግራ ቀኙን ቃኘና በጎን ገረመመው።

«ማን ጠይቅ ብሎህ ነው?»

«ሁሉም» አለው አማቹ።