ጊደሯን የከበብናት ሰዎች

ሲጠብቅ መታየት የሚወድ ሰው አጋጥሟችኋል? የሚጠብቅ አላልኩም፤ ሲጠብቅ መታየት የሚወድ ነው ያልኩት። እኔም ከእነሱ አንዱ ነበርኩ።

ማኅበራችን ከድሬዳዋ ወጣ ብሎ የሥጋ ከብት ያረባል። ታላቅ ወንድሜ አሰፋ በሕይወት ሳለ፣ መውለጃዋ የደረሰ ጊደር ከጠባቡ ጋጣ አውጥቶ ሰፊው በረት ውስጥ ይለቃት ነበር። ራሱ አጥሩ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ከሩቅ ያያታል።

«የመጀመሪያዋ ስለሆነ ትፈራለች። ዓይንህን ላክባት፤ እግርህን ግን አስቀር» ይለኝ ነበር።

አሰፋን ወባ ወሰደብኝ። አርባው በወጣ ማግስት አንዲት ጊደር ረፋዱ ላይ ምጥ ያዛት። ማን ይጠብቃት? ጉዳዩ ከባድ ነውና ኮሚቴው ተሰበሰበ። የት? እዚያው ጋጣው ውስጥ! ሰባት ሆነን ከበብናት። መዞሪያ እንኳ አጣች።

«ጓዶች፣ ቁጥጥሩ ይጥበቅ!» አሉ ሊቀመንበሩ።

«ወላሂ ጓድ ሊቀመንበር» አለ እረኛው አደም፣ «ልትወልድ ነው እንጂ ልትከዳ አይደለም እኮ!»

ሁሉም ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። የወንድሜ ቃል አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ግን አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረስኩ እኔ ስለሆንኩ ቃለ ጉባኤ ያዥ ነኝ፤ ቃለ ጉባኤ ያዥ ደግሞ አስተያየት አይሰጥም። ብዕሬን አነሳሁ።

ጊደሯ ግድግዳው ላይ ተጣብቃ ስታምጥ ዋለች። ስብሰባው ሲያልቅ ጥጃውን ስበን አወጣነው፤ ሞቶ ነበር።

«ጊደሯ ለአፍታም ብቻዋን አልተተወችም» ብዬ ጻፍኩ። እውነቴን ነው። ባዶ የነበረው አጥሩ ሥር ያለው ድንጋይ ብቻ ነው።