የእንድሪስ ሰዎች ተቀብተው መጡ

ሰው ሥራ ሲበዛበት ያማርራል፤ ይህን የማያውቅ የለም። ሥራውን ሌላ ሰው ሠርቶ ሲጠብቀው ግን የባሰ እንደሚያማርር የሚያውቅ ጥቂት ነው። ቢስቲማ ያለችው አክስቴ ሽንኩርት በላጠች ቁጥር ዓይኔ ጠፋ፣ ወገቤ ተቆረጠ ትል ነበር። አንድ ቀን ምራቷ አዘነችላትና ልጣ፣ ከትፋ፣ በሳህን አድርጋ አቀረበችላት። አክስቴ ሳህኑን አየች፤ ምራቷን አየች፤ "ምነው፣ ሞቻለሁ እንዴ?" አለች። ከዚያ ወዲህ ሽንኩርት የሚልጥላት ሰው አልተገኘም። ዓይኗ ያነባል፣ ወገቧ ይቆረጣል፣ እሷም ደስ ብሏት ትኖራለች።

በዚህች አክስቴ ብዙ ስቄባታለሁ። ነገሩ ዞሮ እኔው ላይ እስኪደርስ ድረስ ማለቴ ነው።

የምሠራው ደሴ ፒያሳ፣ አንድ መድኃኒት ቤት ውስጥ ነው። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ክኒን እቆጥራለሁ፤ ደንበኞቼ "ዶክተር" ይሉኛል፣ እኔም አላርማቸውም። እሑድ እሑድ ደግሞ የጣት ቁመት ያላቸውን ሰዎች ቀለም እቀባለሁ። እናንተ አሻንጉሊት ትሉ ይሆናል። እኛ "ሰዎቹ" ነው የምንላቸው። ጺሙ የሸበተ ሰው ይህን ለሌላ ማስረዳት ቀላል እንዳይመስላችሁ። የመጀመሪያ ቀን ከጽሕፈት መሣሪያ መደብር ገብቼ ከሁሉ ቀጭኗን ብሩሽ ስጠይቅ ሻጯ "ልጁ ስንተኛ ክፍል ነው?" አለችኝ። አፌ ላይ የመጣውን "ሦስተኛ" አልኳት። ይኸው ስድስት ዓመት ሙሉ ሦስተኛ ክፍል ነኝ። ባለፈው ደግሞ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ "አስጠኚ ብትቀጥርለት ምን ይመስልሃል?" ብላኛለች።

ሰዎቹን የሚሠራቸው እንድሪስ የሚባል የኮምቦልቻ ሰው ነው። ጀሶ ይበጠብጣል፣ በጎማ ቅርጽ ማውጫ ውስጥ ያፈስሳል፣ ሲደርቅ ፈልቅቆ ያወጣል። እንስራ ያዘለች ሴት፣ በዱላ የተደገፈ ሽማግሌ፣ ዶሮ ያቀፈ ገበሬ፣ ጭነት ያጎበጠው አህያ፣ ማንንም የማያከብር ግመል። ሁሉም እንደ ኖራ ነጭ ሆነው ይወጣሉ። ከዚያ በኋላ ያለው የእኛ ፋንታ ነበር።

እኛ ማለት በዋናነት ሦስት ሰዎች ነን። አንዱ እኔ ነኝ። ሁለተኛዋ ሰአዳ ናት፤ ኮምቦልቻ በአንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የማቅለሚያው ክፍል ውስጥ ትሠራለች፤ የለበስከውን ሸሚዝ አንድ ጊዜ አይታ ስንተኛው እጥበት ላይ እንደሚከዳህ ትነግርሃለች። ሦስተኛው፣ ይልቁንም የሁላችን አለቃ፣ ጋሽ ይመር ናቸው። ጡረታ እስኪወጡ ሥዕል አስተምረዋል። ቤታቸው ሰኞ ገበያ አጠገብ ነው፤ እትዬ ዘሀራ፣ ባለቤታቸው፣ የሳህን መደርደሪያ ብለው ያሠሩት ባለ ሦስት ደረጃ መደርደሪያ ላይ ጋሽ ይመር ሰኞ ገበያን ራሱን ሠርተውበታል። እያንዳንዱ ሰው በእውነተኛ ሰው አምሳል የተቀባ ነው። ጨው ሻጩ አለ፣ ጫማ ሰፊው አለ፣ ጸጉራቸውን የሚቆርጣቸው ሰውዬ መቀሱን ይዞ አለ። አንድ ጎረቤታቸው "ምስል ነገር ደግ አይደለም" ቢሏቸው፣ "አንሰግድላቸው፤ አቧራ ነው የምንጠርግላቸው" ብለው መልሰዋል።

ወሬው በገበያው ሲዛመት ነጋዴው ራሱን ሊያይ ይመጣ ጀመር። ራሱን ያጣ ይቀየማል። አንድ የበርበሬ ነጋዴ መደርደሪያውን ከላይ እስከ ታች ፈልጎ ራሱን ሲያጣ፣ "ጋሽ ይመር፣ እኔ ሃያ ዓመት እዚያ ስቀመጥ አላዩኝም?" ብሎ ሳይቀመጥ ወጥቷል። እንግዲህ ጋሽ ይመር ተራ የሚጠብቁ ሰዎችን ስም በደብተር መያዝ ነበረባቸው። እትዬ ዘሀራ ብቻ ናቸው አልመዘገብም ያሉት። "በእግሬ የሄድኩበት ይበቃኛል፤ መደርደሪያም ላይ ገበያ ልታውለኝ ነው?" አሉ።

ከእኛ ከሦስታችን ሌላ በቴሌግራም አንድ ቡድን አለን። አባላቱ አርባ ያህል ናቸው። ሦስታችን ቀለም እንቀባለን፤ የቀሩት የበዓል መልካም ምኞት ይልካሉ።

አንድ ቅዳሜ ሰአዳ ደወለች።

"እንድሪስ ሱቅ ነጭ ሰው የለም" አለችኝ።

ወረፋ የያዙ ደንበኞች ፊቴ ቆመዋል። "ነጭ ሰው የለም እንዴት?" ስላት ደንበኞቹ እርስ በርስ ተያዩ።

"ጀሶውን ትቶታል። አሁን ላስቲክ ናቸው። ተቀብተው ነው የሚመጡ።"

በማግስቱ ፒያሳ ከምንቀመጥባት ሻይ ቤት አንዷን ይዛ መጣች። እንስራ ያዘለችው ሴት ናት። ቀሚሷ ቢጫ፣ ሻሿ ቀይ፣ እንስራዋ ቡናማ፤ ዓይኖቿ ደግሞ አንዱ ወደ ደሴ፣ አንዱ ወደ ኮምቦልቻ ያያሉ። ጋሽ ይመር አንስተው አገላበጧት። በመጨረሻ "የደብተሩን ሰዎች ምን ልበላቸው?" አሉ። አስራ አንድ ሰው ተራ እየጠበቀ ነበር።

እኔ ነገሩን ቡድኑ ላይ ጻፍኩት። የዚያን ቀን የሆነውን ልነግራችሁ አልችልም፤ ስልኬ ሙቀቱን አልቻለም። አንዱ ከእንግዲህ ከእንድሪስ አንድም ሰው አልገዛም ብሎ ማለ፤ ኋላ ስናጣራ ገዝቶ አያውቅም። አንዱ የጥበብ ሞት ነው አለ። ሌላው አራት ደቂቃ የሚፈጅ የድምፅ መልእክት ላከ፤ ሦስቱ ደቂቃ ስለ ዘይት ጥራት ነው። በመጨረሻ ሽማግሌ ይላክ ተባለ። ማን ይሂድ ሲባል አርባው ሰው ዝም አለና ሦስታችን ተረፍን።

በሚቀጥለው እሑድ በሚኒባስ የሀረጎን ጠመዝማዛ ቁልቁለት ወረድን። ደሴ ጃኬት ለብሰህ ተነሥተህ ኮምቦልቻ ስትደርስ ጃኬትህን ክንድህ ላይ እንደምትይዝ ታውቃለህ፤ ቁጣም እንደዚያው ነው መሰለኝ፣ ቁልቁለቱን ሲጨርስ ይከብዳል። መንገድ ላይ ሥራ ተከፋፈልን። ጋሽ ይመር ይናገራሉ። ሰአዳ ስለ ቀለሙ ታስረዳለች። እኔ ካርቶኑን እይዛለሁ፤ ውስጡ እኛ የቀባናቸው፣ ለማስረጃ የመጡ ሰዎች አሉ።

እንድሪስ እያሳለ ወጥቶ ተቀበለን።

"መርሐባ፣ ግቡ። ምነው ዛሬ በጀመዓ መጣችሁ?"

ሻይ ቀረበ። ጋሽ ይመር ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ መምህር ናቸውና ሲናገሩ ከሻይ ብርጭቆው ባሻገር ሠላሳ ተማሪ ያለ ይመስላል። "እንድሪስ፣ አንተና እኛ የቆየ ውል አለን። አንተ ሰውነቱን ትሠራለህ፤ እኛ ነፍስ እንዘራበታለን" አሉና ራሳቸው ደንግጠው፣ "አስተግፊሩላህ፣ ልብስ እናለብሰዋለን ማለቴ ነው" ብለው አረሙ። "አሁን አንተ ለብሶ የመጣ ሰው ላክህልን። እኛ ታዲያ ምን ልንሆን ነው?"

ሰአዳ ስለ ቢጫው ቀለም ጨመረች። እኔ ካርቶኑን ከፈትኩ።

እንድሪስ ወደ ካርቶኑ አጎንብሶ አንድ በአንድ አያቸው። የጋሽ ይመርን ጫማ ሰፊ አንስቶ የመርፌዋን ጫፍ በጥፍሩ ሊነካ ብሎ ተወው። ከዚያ ቀና አለ።

"አውፍ በሉኝ ጋሽ ይመር። ነጭ አድርጌ የሸጥኩላችሁ እኮ ቀለም መቀባት ስለማልችል ነው።"

ጫማ ሰፊውን ቀስ አድርጎ ወደ ካርቶኑ መለሰው።

"ወላሂ እጄ አይሆንም። ሞክሬ ሞክሬ ተውኩት። ሰዎቹን እርቃናቸውን ስሸጥላችሁ አፍሬ ነው የኖርኩ። እናንተ ከደሴ ድረስ እየመጣችሁ ስትገዙኝ፣ አዝነውልኝ ነው እል ነበር።"

አበው ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ ይላሉ። እኛ ስድስት ዓመት ሙሉ፣ ነጭነቱን ለእኛ ብሎ የተወልን ክብር አድርገን ስንቆጥረው፣ እሱ እንደ ገመናው ይሸፍነው ነበር። ጋሽ ይመር ሻያቸውን አነሡ፣ ሳይጠጡ መልሰው አስቀመጡት።

"ጀሶውንስ ለምን ተውከው?" አለች ሰአዳ።

"ደረቴ ነው። ሐኪሙ ከአቧራው ራቅ አለኝ። ይኸው ከተውኩት ወዲህ አልሀምዱሊላህ፣ ሌሊት እተኛለሁ።"

እዚህ ላይ ቀልዱን ልተወውና አንድ ነገር ልመን። እኔ መድኃኒት ቤት የምሠራ ሰው ነኝ። ወደዚያ ግቢ ስመላለስ ያን ሳል ዓመታት ሰምቼዋለሁ። ለማላውቀው መንገደኛ "ሳሉ ከጀመረህ ስንት ጊዜ ሆነ?" የምል ሰው፣ እንድሪስን አንድም ቀን አልጠየቅኩትም። ነጭ ሰው እየመረጥኩ ነበር።

እንድሪስ ግን ቂም የሚያውቅ አይደለም፤ ተነሥቶ አዲሱን ሥራ ሊያሳየን ወደ ጓሮ ወሰደን። ላስቲኮቹ የሚቀረጹት የጀሪካን ክዳን የሚሠራ ወርክሾፕ ውስጥ ነው፤ ግራጫ ሆነው በጆንያ ይመጣሉ። ከቆርቆሮው ጥላ ሥር በረጅም ጠረጴዛ ዙሪያ አራት ሴቶች ተቀምጠዋል። አንዷ ቢጫውን ትቀባና ለቀጣይዋ ትገፋለች፤ እሷ ቀዩን፤ ሦስተኛዋ ቡናማውን። የመጨረሻዋ ሀያት ትባላለች፣ የእንድሪስ ሚስት እህት ናት፤ ከፋብሪካ ሥራ ከወጣች ጥቂት ወር ሆኗታል። የሷ ድርሻ ዓይን ነው።

ፊቷ ከተደረደሩት ያስተዋልኩት ነገር ቢኖር፣ ጠዋት የተሠሩት ቀጥ ብለው ያዩሃል፤ ከሰዓት የተሠሩት ዓይናቸው ይንሸራተታል። ሰዎቹ በስንት ሰዓት እንደተወለዱ ከዓይናቸው ታነባለህ።

ጋሽ ይመር እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ቆመው አዩ። አንድ ዓይን ሲሠራ አዩ። ሁለተኛ ሲሠራ አዩ። ሦስተኛው ላይ አልቻሉም።

"ልጄ፣ ክንድሽን አየር ላይ አትስቀዪው፤ ጠረጴዛው ላይ አሳርፊው።"

ሀያት ቀና ብላ እንድሪስን አየች። እሱ ራሱን ነቀነቀላት።

"እንዲህ ነው ጋሼ?"

"እንዲያ። አሁን ብሩሹን አታዙሪ፤ ሰውየውን አዙሪው። ትንፋሽሽን ስታወጪ ንኪው።"

ነካችው። በእጇ ያለው ግመል ጫኝ ሰውዬ ቀጥ ብሎ አየን።

"እኔኮ ከሰዓት በኋላ የራሴ ዓይን ነው እምቢ የሚለኝ" አለች ሀያት።

"አብሽሪ። በየሃያው ሰው ተነሥተሽ ሩቅ ተራራ እዪ። ተራራ ደግሞ ወሎ ውስጥ አይጠፋም።"

አንድ በርጩማ ስበው አጠገቧ ተቀመጡ። ሰአዳም ቢጫውን ቀለም አሽትታ "ይሄን ማነው ያቀጠነው?" ብላ እጅጌዋን ሰበሰበች። ሽማግሌነታችን በዚህ አለቀ። እኔ ካርቶኔን ይዤ አንድ ጥግ ቆምኩ፤ ሚኒባስ ሊያመልጠን ሲል ነው ከጠረጴዛው የነጠልኳቸው። ስንወጣ እንድሪስ ግማሽ ጆንያ ያልተቀቡ ግራጫዎች ሰጠን። "ሴቶቹ ሳይደርሱባቸው ውሰዷቸው" አለ።

ሀረጎን ስንወጣ "ጋሽ ይመር፣ እኛ የሄድነው ልናስቆመው አልነበር?" አልኳቸው።

"ነበር" አሉ በመስኮት እያዩ። "ግን ዓይን ሲጠምም እያየሁ እንዴት ዝም ልበል?"

ላስቲኩ እንደ ጀሶ ገር አይደለም። የቀባነው ቀለም በነጋታው እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተነሣ። ሰአዳ ሦስት ሳምንት ታግላ መላውን አገኘች፤ መጀመሪያ በሳሙና ማጠብ፣ ከዚያ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ገላውን ነካ ነካ ማድረግ። በዚህ ዘዴ መጀመሪያ የተቀባው የበርበሬ ነጋዴው ሆነ። መጥቶ ራሱን መደርደሪያው ላይ ሲያገኝ በጣቱ ገፋ አድርጎ ጣለው፤ አነሣው፤ ደግሞ ጣለው። "አልሰበርም እንዴ?" አለ። አይሰበሩም አሉት ጋሽ ይመር። የጨው ሻጩ ጀሶ ስለሆነ ይሰበራል ሲሉት ደግሞ ከሁሉ በላይ ደስ አለው።

ጋሽ ይመር አሁን ማክሰኞ ማክሰኞ ኮምቦልቻ ይወርዳሉ። ለዓይን ብቻ ነው ይላሉ፤ ሰሞኑን ግን ስለ ሻሽ እጥፋትም ሲያወሩ ሰምቻቸዋለሁ። የእንድሪስ ሰዎች ያምራሉ። እውነቱን ለመናገር እኔ ከምቀባቸው አንዳንዶቹ ይበልጣሉ፤ ይህን ለማንም አልተናገርኩም።

ጋሽ ይመር የዋህ ናቸውና አንድ ማክሰኞ ከሀያትና ከሴቶቹ ጋር ጠረጴዛው ላይ የተነሡትን ፎቶ ቡድኑ ላይ ለጠፉት። ሥሩ "ማሻ አላህ፣ ዓይኑን እዩልኝ" ብለው ጻፉ። ቡድኑ ነደደ። ከሃዲ የሚል ቃል መጣ። ያ ገዝቶ የማያውቀው ሰውዬ ጋሽ ይመር ከቡድኑ ይወገዱ የሚል ሐሳብ አቀረበ፤ ድምፅ ተሰጠ፤ በአብላጫ ተወገዱ። ሰአዳ ያንኑ ሰዓት ወጣች። እኔም ጥቂት አመንትቼ፣ መቼም አመነታሁ፣ ተከትያት ወጣሁ።

ትናንት አንድ ደንበኛዬ ክኒኑን እስክቆጥርለት ድረስ ስልኩን አሳየኝ፤ ለካ እሱም አባል ነው። ቡድኑ ውስጥ ቀለም የሚቀባ አንድም ሰው አልቀረም። ተቃውሞው ግን ተጠናክሮ ቀጥሏል።