የውሸት እጮኛ ሽማግሌዎች

የውሸት እጮኛ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አይቻለሁ። እዚህ ፍራንክፈርት፣ ኒደርራድ ሰፈር የሚሠራ ህንዳዊ መሐንዲስ፣ የባለጸጋ ልጅ ነው። እናቱ ከሙምባይ ሙሽራ መርጠውለት ሲመጡ፣ ቦርንሃይም ሰፈር ዳቦ ቤት የምትሠራውን ልጄን «እጮኛዬ ናት» ብሎ አስተዋወቃቸው።

«አባዬ፣ እናቱ እስኪመለሱ ብቻ እኮ ነው!» አለችኝ።

«ውሸትም ቢሆን በእኔ ቤት በሥርዓቱ ነው። ሽማግሌ ይላክ!» አልኩ። ልጁ ፈርቶ ይተዋል ብዬ ነበር።

እሑድ ሦስት ህንዳውያን ባልደረቦቹ ከረባት አስረው መጡና ሳሎኔ መሃል ቆሙ። ሽማግሌ «እሺ» ካልተባለ እንደማይቀመጥ ማን ነገራቸው?

«ነገሩ ጨዋታ መሆኑን ታውቃላችሁ?» ብዬ ተቆጣሁ።

«ለእሱስ ጨዋታ አይደለም» አለኝ ትልቁ።

የልጄን መልስ ልሰማ ዞር ስል፣ ሦስት ወንበር ተሸክማ እየመጣች ነበር።