ከፎቶው የወጣው ችካል

«ፎቶውን አጥፉት አልኩ እንጂ ጽሑፉን አልጠላሁትም» ይላሉ ኦቦ ዴሬሳ።

«ፎቶው ከጠፋ በኋላ ምኑን የልጅዎ ታሪክ ሆነ?» ይላሉ መምህርት ስንታየሁ።

«የሌላ ልጅ ፎቶ አድርጉበት።»

«ፊት ይዋሳሉ እንዴ፣ ኦቦ ዴሬሳ?»

እኔ በሁለቱ መካከል ላፕቶፑ ፊት ተቀምጫለሁ። መካከል በመቀመጤ አስታራቂ እንዳልመስላችሁ፤ የቻርጀሩ ገመድ ከዚያ አልፎ ስለማይደርስ ነው።

በዚያ ዓመት ቡራዩ ውስጥ ሰው በተጣላበት ነገር አይጣላም ነበር። ይህን አባባል ትንሽ ላብራራው። የታክሲ ረዳትና ተሳፋሪ በመስኮት መዘጋትና መከፈት ይጨቃጨቃሉ፤ ሁለቱም ልባቸው ያለው ግን አሸዋ ሜዳ ላይ መንገዱ ተዘግቶ ይሆን ወይ የሚለው ላይ ነው። ጎረቤታሞች ለአንዲት የውሃ መውረጃ ቦይ ሲሉ ኩርፊያ ይገባሉ፤ ጭንቀታቸው ግን የቆሙበት መሬት በሚመጣው ዓመት የማን ይሆናል የሚለው ነው። የሰበታዋ አክስቴ ስትደውል እንኳን ስለ ጉንፋን አውርታ አውርታ፣ ስልኩን ልትዘጋ ስትል ነው ድምጿን ዝቅ አድርጋ «እናንተ ጋስ?» የምትለው። አህያውን ፈርተው ዳውላውን ይባል የለ? እኛ ዳውላውንም ስንመታ ዙሪያችንን አይተን ነበር።

ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ። አዲስ አበባን ወደ ዙሪያዋ እርሻ ያሰፋል የተባለውን የ«ማስተር ፕላን» ስም አንደኛ ክፍል ያሉ ሕፃናት እንኳን አጥርተው የሚጠሩበት ጊዜ ነበር። የእኛ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አንድ ሳምንት ይከፈታል፣ አንድ ሳምንት ይዘጋል። እናቴ ቤት ተጎልቼ መዋሌንም፣ መንገድ ላይ መታየቴንም ስላልወደደችው፣ ሠፈራችን ያለው አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ወስዳ ለመምህርት ስንታየሁ አስረከበችኝ። «አትናገርም እንጂ ኮምፒውተር ላይ መጻፍ ትችላለች» አለቻቸው። ገበያ የወጣች ፍየል አንድ ደህና ነገር ሲነገርላት ምን እንደሚሰማት ያን ቀን ገባኝ።

መምህርት ስንታየሁ ያሰቡት ትልቅ ነገር ነበር። የአራተኛ ክፍል ልጆች የራሳቸውን ታሪክ ይጽፋሉ፣ እኔ እተይበዋለሁ፣ የጸሐፊው ፎቶ ይገባበታል፣ ከዚያ ኢንተርኔት ላይ ይወጣል። ስልክ ያለው ሁሉ ያነበዋል። መጀመሪያ ላይ ልጆቹ ሁሉ ስለ አንበሳና ስለ ቀበሮ ነበር የጻፉት። መምህርት አንብበው አንብበው ሰሌዳው ላይ በትልቁ «ያያችሁትን ጻፉ» ብለው ጻፉ። ከዚያ ወዲህ ጅብ፣ አውቶብስ፣ ባሕር ዛፍና የጎረቤት ጠብ መምጣት ጀመረ።

አንድ ደንብም ነበራቸው። ማንኛውም ታሪክ ከመውጣቱ በፊት የልጁ አባት ወይም እናት ተጠርተው ይነበብላቸዋል፤ «ይሁን» ሲሉ ብቻ ይወጣል። ይህን ደንብ ወላጆች በጣም ወደዱት። ከትምህርት ቤት የሚጠሩት ልጃቸው ሲያጠፋ ብቻ ነበርና፣ ልጃቸው የጻፈውን ለመስማት ሲጠሩ ነጠላና ጋቢያቸውን አሳጥበው ነው የሚመጡት።

ሃዊ የኦቦ ዴሬሳ ልጅ ናት። ቤታቸው በገፈርሳ በኩል፣ ከባሕር ዛፉ ጀርባ ነው። ቤት ኦሮምኛ፣ ክፍል ውስጥ አማርኛ፣ ከእኔ ጋር ደግሞ ሁለቱን እያደባለቀች ታወራለች። እኔ አንድ ዐረፍተ ነገር ለመናገር ስዘጋጅ እሷ ሦስት ተናግራ ሄዳለች። ታሪኳን «ጥጃዬና ችካሏ» ብላዋለች። ቦራ የምትባል ጥጃ አለቻት። ቦራ የታሰረችበትን ነቅላ የሰው ሽንኩርት ውስጥ ትገባለች። ስድብ ይመጣል። ቦራ ደግማ ትነቅላለች፣ ስድቡም ይደገማል። በመጨረሻ አባቷ ጠንካራ ችካል ይተክሉላታል፣ ቦራም ትቀመጣለች። የመጨረሻው መስመር እንዲህ ነበር፦ «ችካሉ እንደ አባቴ ነው። ቢጎትቱት አይነቃነቅም።»

ፎቶውን ያነሳሁት እኔ ነኝ፤ የት ቆሜ እንደማነሳ የነገረችኝ ግን ሃዊ ናት። የጥጃዋን አንገት አቅፋ ተንበረከከች። «ችካሉ ይግባ» አለችኝ። ወደ ኋላ ተራመድኩ። «አሁንም ይግባ። ካልገባ እኮ ቦራ ያመለጠች ነው የሚመስለው።» አስገባሁት። እውነቱን ለመናገር እኔ የማየው የጥጃዋን ዓይን ነበር።

የማንበቡ ቀን ኦቦ ዴሬሳ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው መጡ። ጥግ ላይ ምክትል ርእሰ መምህሩ አቶ ግርማ ፈተና ያርማሉ። ክፉ ሰው አይደሉም። ቀበሌ ስብሰባ ሲጠራ ግን ከፊት ወንበር የሚቀመጡ፣ የተባለውን ሰምተው የታየውን የሚናገሩ ሰው ናቸው። ሃዊ ቆማ ታሪኳን አነበበች። ሽንኩርቱ ላይ ስትደርስ አባቷ ሳቁ፤ የስድቡ ባለቤት ማን እንደሆነ ያውቃሉና። የመጨረሻው መስመር ላይ ባርኔጣቸውን አገላበጡት። «ጋሪ፣ ኢንታላ ኮ» አሉ ቀስ ብለው። ጎሽ፣ ልጄ ማለታቸው ነው።

ከዚያ መምህርት ላፕቶፑን ትንሽ ወደ እሳቸው አዞሩት።

በአፍ ሲነገር ችካል ሁሉ ችካል ነው። ፎቶው ላይ ያለው ግን ጫፉ ቀይ ነበር።

በዚያ ሰሞን የመሬት ለኪዎች መጥተው በገፈርሳ በኩል ያለውን እርሻ ጫፋቸው ቀይ በተቀባ ችካሎች ሸንሽነውት ሄደው ነበር። አንድ ቀን ሲነጋ ችካሎቹ የሉም። ስብሰባ ተጠራ፣ የነቀለው ሰው ይጠየቃል ተባለ። ማን እንደነቀለ ሁሉም ያውቃል፣ ማንም አያውቅም። ገበሬ ደግሞ ጥሩ እንጨት አይጥልም።

ኦቦ ዴሬሳ «ይህን ፎቶ አጥፉት» ያሉት ያን ጊዜ ነው። መምህርት ስንታየሁ ከአዲስ አበባ እየተመላለሱ የሚያስተምሩ ሰው ናቸው፤ ከባሕር ዛፉ ጀርባ ሄደው አያውቁም። አባትየው የሴት ልጃቸው ፊት በአደባባይ እንዳይታይ የከለከሉ መሰላቸው። ስለ ሴት ልጅ፣ ስለ ተሸፋፍኖ መኖር፣ ዓለም የት እንደደረሰ ተናገሩ። ንግግሩ እውነት ነበር፤ የተሳሳተው አድራሻው ነው። ኦቦ ዴሬሳ ምን ይመልሱ? ምክንያታቸውን መናገር አቶ ግርማ ፊት ቃል መስጠት ነው። ስለዚህ ያልሆኑትን ሆኑ።

«እኔ ኋላ ቀር ነኝ፣ መምህርት» አሉ። «እንደዚያ ብለው ይተዉኝ።»

የእኔ ዓይን ደግሞ፣ ዓይናፋር የሰው ፊት ስለማያይ ሰው የሚያየውን ነው የሚያየውና፣ የኦቦ ዴሬሳን ዓይን ተከትሎ ሄደ። የልጃቸው ፊት ላይ አልነበረም። ከፎቶው ታች፣ በስተቀኝ ጥግ ላይ ነበር።

ወንበር ሲንቋቋ ሰማሁ። አቶ ግርማ እስክሪብቷቸውን አስቀምጠው ተነሱ። «ይህን ያህል የሚያጣላውን እስቲ እኔም ልየው» አሉ።

ኦቦ ዴሬሳ ያን ጊዜ አዩኝ። ለእኔ ዓይነት ሰው ከዚህ በላይ መናገር አያስፈልግም። እጄ ከእኔ ቀድሞ ሠራ። ፎቶውን ከታችም ከቀኝም ቆረጥኩት። ሃዊ ቀረች፣ ቦራ ቀረች፣ ገመዱም ግማሹ ቀረ። ችካሉ ሄደ። አንዴ አባት ነቅለውት ነበር፣ አሁን ደግሞ እኔ ነቀልኩት። ሃዊ ከላፕቶፑ ጀርባ ቆማ ስለነበር አላየችም።

አቶ ግርማ ጎንበስ ብለው ቆዩ። ትንፋሻቸው ጆሮዬ ላይ ይሰማኛል።

«ገመዱ ወዴት ሄደ?» አሉ።

«እሱንማ አንባቢው ያስበዋል» አሉ መምህርት ስንታየሁ ኮራ ብለው።

አቶ ግርማ እኔን አዩ፣ ኦቦ ዴሬሳን አዩ። አውቀው ይሁን ሳያውቁ ዛሬም አላውቅም። «ቆንጆ ጥጃ ናት» ብለው ወደ ፈተናቸው ተመለሱ። ኦቦ ዴሬሳ ወደ ስክሪኑ ጎንበስ ብለው አይተው፣ ባርኔጣቸውን ራሳቸው ላይ አደረጉ። «እንዲህ ከሆነስ ይሁን» አሉ። መምህርት ስንታየሁ ክርክሩን ያሸነፉ መሰላቸውና ደስ አላቸው። ታሪኩንም በዚያው ቀን አወጣነው።

በማግስቱ ኢንተርኔት ጠፋ። የእኛ ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ሰበታም ሱሉልታም እንደዚያው ነበር። ማን ያየዋል እያልን የተጨቃጨቅንበትን ታሪክ ማንም ሊያየው አልቻለም። ሃዊ ግን በየዕረፍቱ እየመጣች «ተከፈተ?» ትለኛለች። «አልተከፈተም» እላታለሁ። አልዋሽም፣ አለመከፈቱ ልቤን ያሳርፈው ነበር። ችካሉ የት እንደሄደ ምን ብዬ እነግራታለሁ? ለእሷ ማስረዳት ማለት አባቷን ማጋለጥ ነው፤ እሷ ደግሞ ያየችውን ሁሉ ለሁሉም የምትናገር ልጅ ናት። እንደዚያ እንድትሆንም ሰሌዳ ላይ ጽፈን ያስተማርናት እኛ ነን።

አንድ ቀን ተከፈተ። መምህርት ስንታየሁ አባትና ልጅን አስጠሩ። ስልካቸውን ለሃዊ ሰጥተው ወደ ኦቦ ዴሬሳ ዞሩ። «ይኸው፣ ፊቷ ታየ። ምን ደረሰባት?»

«ምንም» አሉ ኦቦ ዴሬሳ። «እግዜር ይስጥልኝ።» ያሉት ግን እኔን እያዩ ነው።

ሃዊ ስልኩን ወደ ዓይኗ አስጠጋችው። ፎቶውን በሁለት ጣቷ አሰፋችው። ገመዱን በጣቷ ተከትላ ጠርዙ ድረስ ሄደች፤ ከጠርዙ የሚያልፍ መስሏት ደግማ ገፋችው።

«ችካሉስ?» አለችኝ።

እኔ አባቷን አየሁ። አባቷ በመስኮት ወደ ውጭ አዩ። መምህርት ስንታየሁ «ፊትሽ አለ አይደል፣ ሃዊዬ? ዋናው እሱ ነው» አሏት። ሃዊ ግን እሳቸውን አልሰማቻቸውም፤ እኔንና አባቷን እያፈራረቀች ታያለች። ከሁለታችን አንዳችን እንድንናገር ጠበቀች። እኔ አትናገርም ተብዬ የመጣሁ ነኝ። እሳቸው ደግሞ ቢጎትቷቸው የማይነቃነቁ ናቸው።

ሰሌዳው ላይ «ያያችሁትን ጻፉ» የሚለው አልተጠፋም ነበር። ሃዊ አየችው። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ደፋችው፣ ቀጣዩን ታሪኳን ልተይብላት የሰጠችኝን ደብተሯን ከፊቴ አነሳች፣ ወጥታ ሄደች።