510511 እና ባለ መደገፊያዋ ወንበር

አሮጌው ካውያ ተቃጥሎ አዲሱ በነገሠ በሁለተኛው ዓመት፣ በዕለተ ሰኞ፣ ከሻይ ሰዓት በፊት፣ ወደ ልብስ ስፌቱ ቤት አንድ ያገለገለ የስፌት መኪና ገባ፤ በሆዱም ላይ 510511 የሚል ቁጥር ተቀርጾ ተገኘ። ይህንንም ባዩ ጊዜ ሞዓ ጨርቅ፣ ሥዩመ መርፌ፣ ሜትር ከአንገታቸው የማይወርደው አለቃ ሰፊ ጋሽ ሜትሮ መነጽራቸውን ጠርገው፣ ቁጥሩን ሦስቴ አንብበው፣ ልባቸው በሐሴት ተመልቶ እንዲህ ሲሉ አዋጅ አስነገሩ፦

«ስሙ! ይሄ ቁጥር ከአንድና ከራሱ በቀር ለማንም እኩል አይከፈልም። ፊቱ ላይ ያስታውቃል! ይከፈላል የሚል ካለ ያለ ትርፍራፊ ከፍሎ ያሳየኝ፤ ይቺን ወንበሬን እለቅለታለሁ።»

ወንበሪቱም በመስኮቱ ዳር ያለች፣ በቤቱ መደገፊያ ያላት እርሷ ብቻ የሆነች፣ ሕዝቡ ከበርጩማ ላይ ወገቡን እየያዘ የሚመኛት ነበረች።

ዘመቻም ሆነ። በአራትና በስድስት አልተዘመተም፤ አባታቸው ሁለት ካቃተው ልጆቹ ምን ይፈይዳሉ ተብሎ። በሁለት ቆራጩ ዘመተ፤ አንድ ተረፈው። በሦስት ዘምዛሚዋ ዘመተች፤ አንድ ተረፋት። በአምስት ምላሷ ከመርፌዋ የሚሾለው ቁልፍ ተካይ ወጣች፤ አንድ ቢተርፋት «ይሄ አንድ ደሞ የማን ነው? ባለቤቱ ያንሳልኝ!» ብላ አወጀች። በሰባት፣ በአሥራ አንድና በአሥራ ሦስት ሦስቱ ሱሪ ሰፊ ወንድማማቾች ጠመኔ ታጥቀው ተሰለፉ፤ ታናሹ ሁለት ተርፎት ነበርና ታላላቆቹ ጆሮውን ይዘው ቢያስደግሙት እርሱም አንድ ተረፈው። በመጨረሻ ጋሽ ሜትሮ ራሳቸው በአሥራ ሰባት ወረዱ፤ አንድ!

ቤቱ በእልልታ ቀለጠ። አሥራ ዘጠኝን የሚይዝ ሰው ታጣ፤ ባለ ካውያዋ ብትኖርም ሥራ ላይ ቆማለችና አልተጠራችም። በግድግዳውም ላይ አዋጅ ተለጠፈ፦

«ሰባቴ ተዘምቶበት ሰባቴ አንድ ያስተረፈን ቁጥር ከእንግዲህ ማን ይነካዋል? በቃ፣ ተዘጋ!»

ወንበሪቱም በክብር አቧራዋ ተራገፈ፤ ጋሽ ሜትሮ እግራቸውን አነባብረው ተቀመጡባት።

በዚህ ጊዜ ባለ ካውያዋ ካውያዋን አቁማ መጣች፤ በሸሚዝ ካርቶን ጀርባ የጻፈችውንም ከአዋጁ ሥር ለጠፈች፦ 19 × 26869። ቆራጩ አባዛው። ዘምዛሚዋ አባዛችው። ወንድማማቾቹ ሦስቱም አባዙት፤ ታናሹም እንኳ አልተሳሳተም። 510511። የተረፈ የለም። እርሷም በሕይወቷ የመጀመሪያውን አዋጅ አወጀች፦

«ሌላ ቁጥር አላውቅም ጋሼ። እዚህ ካውያ አጠገብ የቆምኩበትን አሥራ ዘጠኝ ዓመት ነው የሞከርኩት። በሉ፣ ይነሱልኝ።»

ይህን ጊዜ ዜና መዋዕል ጸሐፊው ብራናውን ገልብጦ እንዲህ ጻፈ፦ መዋዒተ እንፋሎት፣ ሥይምተ ካውያ፣ ከፋሊተ አኃዝ፣ ጥበባቸው እንደ አዲስ ኮሌታ ቀጥ ያለው እትዬ በታላቅ ግርማ ተቀመጡ፤ ተደገፉም፤ ዓይናቸውንም ጨፈኑ።

ጋሽ ሜትሮም የተጀመረው ሸሚዝ እንዳይቀር ሄደው ካውያውን ያዙ።