መቃብር የሌለው መንደር

በዚያች የኦሃዮ ከተማ በሃሎዊን፣ በመናፍስቱ በዓል፣ ጠረጴዛ ላይ ስለሚደረደረው የአሻንጉሊት መንደር የሚናገር ሰው አስቀድሞ የቀደምቶቹን ስም በአክብሮት ሊጠራ ይገባዋል። ጥጥ ባዝቶና ጥላሸት ቀብቶ ትንንሾቹን የሸክላ ቤቶች በጭጋግ መሸፈንን ለትውልድ ያስተማሩት ወይዘሮ ቬርና ስታኪ ናቸው። ከቤቷ በር የምትረዝም ጠንቋይ ወደ ካርቶኗ ትመለስ ብለው የደነገጉት ደግሞ አቶ ኦርቪል ሃስ ናቸው። ሁለቱ በአንድነት ካወጧቸው ሕጎች መካከል ሁለቱ ዛሬም አልተሻሩም፦ መንደር ወለል አይነካም፤ የመንደርም ዋና መንገድ አይቆረጥም። አቶ ኦርቪል ከገዛ ወንድማቸው ቀብር የቀሩት የቀቡት ጭጋግ ስላልደረቀ ነበር። እንዲህ ያለ ሰው ዛሬ አይገኝም እንዳይባል አቶ ሃርላን ዲትስ አሉ።

አቶ ሃርላን በከተማ ፕላን ሹምነት ሠላሳ ዓመት አገልግለው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። በዚያ ሁሉ ዘመን ለከተማይቱ አንድ ድልድይ እንኳ አላስጨረሱም። ሆኖም የሰውን ችሎታ በመሥሪያ ቤቱ ብቻ መመዘን ግፍ ነው። በመኖሪያ ቤታቸው አንድ መቶ ሠላሳ ስምንት ቤቶች፣ የአጽሞች መጠጥ ቤትና የሚሽከረከር የእብዶች ሆስፒታል አቁመዋል፤ አንዱም መብራት አይጠፋበትም። መንደሩ ከምግብ ጠረጴዛው ተነሥቶ፣ ፒያኖውን ተሻግሮ፣ በታጣፊ ጠረጴዛዎች ላይ ኮሪደሩን እስከ መጨረሻው ይዟል። ወደ ማዕድ ቤት የሚሄድ ሰው በመንገዱ ሥር በእንብርክኩ ያልፋል። አቶ ሃርላን «ከመንገድ መቆረጥ የወገብ መቆረጥ ይሻላል» ይላሉ። የሚያልፉት ግን ባለቤታቸው ናቸው።

«ሃርላን» አሉ ወይዘሮ ዶሪን አንድ ቀን ከጠረጴዛው ሥር ሆነው፣ «ሐኪም ይህን ጉልበቴን የቀየረልኝ በዚህ ክረምት ነው።»

«እኮ፣ አዲስ ነዋ። ምን ይሆናል?»

«አንዷን ጠረጴዛ ሳብ አድርግልኝና ቆሜ ልለፍ።»

«ነዋሪዎቹስ በየት ይለፉ?»

«ነዋሪዎችህ እኮ አጽሞች ናቸው።»

«አጽም ቢሆኑስ መንገድ አያስፈልጋቸውም?»

«እንግዲያው ትንሽ ታገሠኝ። እኔም ወደዚያው እየሄድኩ ነው።»

አቶ ሃርላን ይህን እንደ መልካም ዜና ሰምተው ሥራቸውን ቀጠሉ።

ዓመታዊው የመንደሮች ውድድር አራት ቀን ሲቀረው የመንደር ደርዳሪዎች ማኅበር ዳኛ ወይዘሮ ኮርኔሊያ ፕሩት ማስመሪያቸውን ይዘው ለቅድመ ምርመራ መጡ። ጠንቋዮቹን ለኩ። ጭጋጉን በጣታቸው ነካ አደረጉ። በመጨረሻም መነጽራቸውን አወለቁ።

«አቶ ሃርላን፣ መንደርዎ ግሩም ነው። ሙታኑ ግን የት ነው የሚቀበሩት?»

አቶ ሃርላን ወደ ተከመሩት ካርቶኖች ተመለከቱ። ስድሳ አራት መቃብሮች ገና ከካርቶናቸው አልወጡም፤ መንገዱ የሚደርስበት ባዶ ቦታ በቤቱ ውስጥ አልነበረምና።

«ቦታ ጠፋ እኮ፣ ወይዘሮ ኮርኔሊያ።»

«ቦታ ይገኛል። የቆራጥ ሰው ቤት ጠቦ አያውቅም። መቃብር ለሌለው መንደር ግን የአንደኛነቱን ሰማያዊ ሪባን አልሰጥም፤ ቬርና ስታኪ ቢሰሙ ምን ይሉኛል?»

በዚያው ዕለት ከሰዓት በኋላ ወይዘሮ ዶሪን የኦቾሎኒ ቅቤ የቀቡትን ዳቦ እንደ ወትሮው በዕቃ ማጠቢያው አጠገብ ቆመው በሉና ወደ ባላቸው መጡ።

«ለምስጋና በዓል ልጃችን ኒል ልጆቹን ይዞ ይመጣል። የቱርክ ዶሮውን ጥብስ የት ላቅርብላቸው? ጠረጴዛዬን መልስልኝ፣ ሃርላን። ካልሆነ እኅቴ ጋ ዴይተን እሄዳለሁ።»

አቶ ሃርላን የሹመት ዘመን ድምፃቸውን አወጡ። «ጥያቄሽ ተገቢነት ያለው መሆኑ ታምኖበታል። ነገር ግን ካለው የቦታ ጥበት አንጻር በቀጣይ ዓመት የሚታይ ይሆናል።»

«በቀጣይ ዓመት?»

«ቅድሚያ ለመቃብሩ ነው።»

ወይዘሮ ዶሪን ሻንጣቸውን አሰናዱ። ሻንጣውን አስቀድመው በመንገዱ ሥር ገፉት፤ ተከትለውም ለመጨረሻ ጊዜ ተንበረከኩ።

«ዶሪን» ሲሉ አቶ ሃርላን ተጣሩ። ሴትዮዋ ቆም አሉ። «ስትወጪ በሩን ቀስ አድርገሽ ዝጊው። ጭጋጉ ይነሣል።»

ቅዳሜ ዕለት ልጃቸው ኒል ከኮለምበስ መኪናውን እየነዳ መጣ። አባቱ ሰማያዊውን ሪባን ደረታቸው ላይ ሰክተው በር ላይ ተቀበሉት፤ እንዲህ ፊታቸው በርቶ አይቷቸው አያውቅም።

«አባዬ፣ እማዬ እኮ ከሄደች አራት ቀኗ ነው።»

«አውቃለሁ፣ አውቃለሁ። ና እስኪ አንዴ።»

እጁን ይዘው በኮሪደሩ ወሰዱት። ዋናው መንገድ ሳይቆረጥ በመኝታ ቤቱ በር ገብቶ፣ የአልጋውን ግማሽ ለአቶ ሃርላን ትቶ፣ በግድግዳው በኩል ያለውን ሌላውን ግማሽ ያዘ። ወይዘሮ ዶሪን አርባ አራት ዓመት በተኙበት ቦታ ስድሳ አራት መቃብሮች ተሰልፈዋል። ትራሳቸው ላይ የብረት አጥር ቆሟል። ትንሿ አምፖልም ብልጭ ድርግም ትላለች።

ኒል ወደ አባቱ ዞረ።

«ትናንት በስልክ እማዬን 'አባዬ እስከ ምስጋና በዓል መሄድሽን ልብ አይልም' ብያት ነበር።»

«እኔ?» አሉ አቶ ሃርላን ቅር ተሰኝተው። «ገና መኪናዋን ሳታስነሣ እኮ ነው የመኝታዋን ቦታ የለካሁት።»

«ተሳስቻለሁ፣ አባዬ» አለ ኒል።