ፈረሱ ጭራውን ሊጠይቅ የመጣ ለት

ትናንት ማታ፣ የታናሽ እህቴ የስንዱ ሰርግ ሲነጋ መሆኑ እየከነከነኝ ጋደም ብል ሕልም ይዞኝ ሄደ። በሰርጓ ላይ ማሲንቆ እጫወታለሁ ብዬ ለዘመድ አዝማዱ ሁሉ ለፍፌአለሁ። ስድስት ወር ሙሉ መምህር ጌጡ ዘንድ ስመላለስ ማን ያላየኝ አለ?

በሕልሜ መምህር ጌጡ ቤት ገባሁ። እሳቸው መሬት ላይ ተቀምጠው ደብተር ይዘዋል። ወንበራቸው ላይ ማሲንቆዬ ተጎልታለች። ስታየኝ አዛጋች።

"አስተምራቸው እንጂ!" አለችኝ።

"ማንን?"

"መምህርህን ነዋ! አርባ ዓመት በየቀኑ እየተለማመዱ ጣታቸውን አበላሽተው የለ?"

መምህር ጌጡ አንገታቸውን ደፉ። "እባክዎ ጌታዬ፣ እንዴት ነው እንደ እርስዎ መሆን የሚቻለው?" አሉኝ። አንቱ ሲሉኝ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ደስ አለኝ። ጉሮሮዬን ጠራረግኩ።

"ማሲንቆ ከመያዝዎ በፊት ማሲንቆ ተጫዋች ነኝ ብለው ያስወሩ። የባህል ልብሱን አስቀድመው ያሰፉ። የሚያቅትዎትን ቦታ ይዝለሉት፤ የሚችሏትን አንዲት ነገር ጎረቤት እስኪሰደድ ይደጋግሟት። ቅኝቱ ከተበላሸ ጮክ ብለው ይዝፈኑበት። ልምምዱን ሁሉ ለመጨረሻዋ ቀን ያቆዩት፤ በትኩሱ ይቀርባል።"

አንድም ሳያስቀሩ ጻፉ። "ዕጣኑስ?" አሉ ቀና ብለው።

የማሲንቆ ደጋን ጭራው ላይ ዕጣን ካልታሸበት ድምፅ የሚባል አያወጣም። እኔ ይህን የሰማሁት ከአራት ወር በኋላ ነው። እስከዚያ ድረስ መምህሩ "ዕጣን ሳታዘጋጅ ማሲንቆ አትንካ" ባሉኝ ቁጥር፣ ዕጣኑን ፍም ላይ ጨምሬ፣ በጢስ እያሳለኝ ዲዳ ማሲንቆ ስገዘግዝ ነው የከረምኩት።

"ያጭሱት" አልኳቸው።

በሩ ተከፈተና አንዲት ፍየልና አንድ ፈረስ ገቡ። ፍየሏ ቆዳ የላትም፤ ጋቢ ተከናንባለች። ፈረሱ ጭራ የለውም፤ ኋላውን በጋዜጣ ሸፍኗል።

"ፈታኞችህ ናቸው" አለችኝ ማሲንቆዬ።

"ተጫወት" አለ ፈረሱ።

ተጫወትኩ። ፍየሏ ለቅሶዋን ለቀቀችው። "ቆዳዬን የገፈፉኝ ለዚህ ነው? ጫማ ቢሰፉብኝ ምን ነበረበት!"

"እኔን ዝንብ ይጫወትብኛል፤ ይሄ በጭራዬ ይጫወታል" አለ ፈረሱ።

"ለነገ ብቻ ተዉልኝ፣ የእህቴ ሰርግ ነው" ብዬ እግራቸው ላይ ወደቅኩ። ማን ሰምቶኝ! ፈረሱ ጭራውን ከማሲንቆውም ከደጋኑም ነቅሎ ገጠመ። ፍየሏም ቆዳዋን ከማሲንቆው ላይ ገፍፋ ለበሰች። እጄ ላይ ባዶ እንጨት ቀረ።

ቤቱ ድንገት የሰርግ ድንኳን ሆነ፤ ሰው ሁሉ ትኩር ብሎ ያየኛል። ምን ላድርግ፣ እንጨቱን በእንጨት ገዘገዝኩት። ምንም ድምፅ አልወጣም። ሰዉ ብድግ ብሎ አጨበጨበ። "ዛሬ ገና ተጫወተ!" እያሉ ግንባሬ ላይ ብር ለጠፉልኝ፤ መምህር ጌጡም በደስታ አለቀሱ።

ስንዱ ትከሻዬን ስትነቀንቀኝ ነቃሁ። ነግቷል። ፀጉሯን ተሠርታለች።

"ጋሼ፣ ተነስ እንጂ፣ ሙሽራው ሊደርስ ነው" አለች። ከዚያ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠችና ድምጿን ዝቅ አደረገች። "እንዳትቀየመኝ። መምህር ጌጡን ለምኜ እሺ ብለውኛል፤ የሚጫወቱት እሳቸው ናቸው። አንተም አጠገባቸው ተቀምጠህ ትጫወታለህ። ብቻ... ደጋንህን ትናንት በሳሙና አጥቤዋለሁ። አደራህን ዕጣን እንዳታስነካው።"

ስድስት ወር! አፈርኩ፤ ከሀፍረቱ ይልቅ እፎይታዬ መብለጡ ደግሞ አናደደኝ። ደጋኑን አንስቼ አሸተትኩት። የልብስ ሳሙና ይሸታል።

"ይሄ የማን ሐሳብ ነው?" አልኳት።

"የመምህር ጌጡ። 'አራት ወር ሙሉ የተለማመደው እንዲያ ነው፤ አይከብደውም' ብለዋል።"